በሞዴል 19 ስለተረከቡት አንድ ድምፅ

ሐሙስ ሚያዝያ 13 ቀን 1975 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለተከበሩ ጓድ ስማቸው
የአውራጃው የትዕይንትና የንቃት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በግልጽ የቀረበ ምስጋና፣ ሂስና ግለሂስ

የተከበሩ ጓድ ስማቸው፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ክረምት ያስቸግርዎ የነበረው ጉልበት ተሽሎዎት የሕንፃውን ደረጃ ያለ ሰው ድጋፍ መውጣት እንደጀመሩ በዐይኔ አይቻለሁና ደስታዬን እገልጻለሁ። ይህን የማውቀው በሐሜት አይደለም፤ ላለፉት አሥራ አምስት ወራት በየሳምንቱ ሐሙስ በቢሮዎ ኮሪደር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ስለምቀመጥ፣ አካሄድዎን ከጸሐፊዎ ቀጥሎ አጥርቼ የማውቀው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ባለቤትዎና ልጆችዎም ደህና እንዲሆኑልኝ፣ ከገበታቸው ዙሪያ አንድ ሰው እንኳ ሳይጎድል እንዲቀመጡ ዘወትር እጸልያለሁ። መጸለዬን በፋይሌ ላይ አስቀድማችሁ ስለጻፋችሁት እዚህ መድገሜ አዲስ ጥፋት አይሆንብኝም።

በስሜ ባያስታውሱኝ፣ እኔ የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ ትርፌ ቢያዝን ነኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ "ያቺ ጴንጤ" የምባለው። በአደባባይ የምጽፍልዎ ደፍሬ ሳይሆን ታዝዤ ነው። በየካቲቱ ስብሰባ ላይ "ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ፊት ለፊት ያቅርብ፤ ጠላታችን በጓዳ የሚያማው ነው" ብለው ሲናገሩ አዳራሹ ሁሉ አጨብጭቧል፤ እኔም ከኋላ ቆሜ እጄን እስኪያመኝ አጨብጭቤአለሁ። ድሮ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይባል ነበር። ንጉሡ ከወረዱ ዘጠነኛ ዓመት ስለተያዘ፣ ዛሬ የቀረው ክልክል ሰማዩን ማረስ ብቻ ነው ብዬ ተነሣሁ። ደብዳቤውን በካርቦን አራት አድርጌ ጽፌዋለሁ። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ ለሰኞ ገበያ መንገደኛ ነው። አራተኛው የት እንዳለ አይጠይቁኝ፤ መዋሸት አልችልበትም፣ መዋሸት የማይችል ሰው ምን እንደሚያመጣም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበራችንን ስላሳደጉልን ከልብ አመሰግናለሁ።

"የእጅና የእግር ፊልም ማኅበር" ብለን ስንነሣ ከስማችን በቀር ትልቅ ነገር አልነበረንም። አባላቱ እኔና የሰኞ ገበያው ፎቶ አንሺ ሙሄዲን ነበርን። ንብረታችን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ ባልና ሚስት የውጭ አገር ሰዎች በ1969 በጥድፊያ ሲወጡ "አደራ" ብለው የተዉልኝ የፊልም ካሜራና ማሳያ ማሽን ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ባለው የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ሰፈር ለሚኖሩት ሰዎች ከጎማና ከሸራ ጫማ እሰፋ ነበር፤ ፊልም ያሠራኝም እግራቸውን ስለካ ያየሁት ነገር ነው። በሽታው ለቋቸዋል፣ ድነዋል፤ እግራቸው ግን ስሜት የለውም። ምስማር ይገባበታል፣ ፍም ይረግጣል፣ ባለቤቱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁስሉ ከሸተተ በኋላ ነው። ስለዚህ በየቀኑ እግርን መዘፍዘፍ፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፣ በቅባት ማሸት እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም ሠራን። ሙሄዲን ፎቶ ቤቱ ውስጥ በባልዲ አጠበው። ስሙንም "እግርህን እይ" አልነው።

ሐሳባችን በዚያው ሰፈር አሳይተን ለመተው ነበር። ያን ጊዜ ነው ጽሕፈት ቤትዎ ከአሥራ ሦስት የገበሬ ማኅበራት የድጋፍ ደብዳቤ ካላመጣችሁ ፈቃድ የለም ያለን። ፊልሙን ሳያይ ማኅተም የሚያሳርፍ ሊቀመንበር ደግሞ አንድም አልተገኘም። ማሽኑን በበቅሎ፣ ጀነሬተሩን በሰው ትከሻ አድርገን አሥራ ሦስቱንም ዞርን። ሰዓት እላፊ ስላለ ማታ ማሳየት አይቻልምና፣ ቀን ለቀን መስኮት በሌለው የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ሁለት አንሶላዎቼን አንድ ላይ ሰፍቼ ግድግዳው ላይ እየሰቀልን አሳየን። ታማሚ የነካውን ጣሳ አውጥቶ የሚጥል መንደር ሁሉ ቁጭ ብሎ አየ። አሥራ ሦስተኛው ማኅተም ሲመታ ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ "የእኛንስ መቼ ትሠሩልናላችሁ?" ብለው ሰው ላኩብን። ፈቃዱን በመጀመሪያው ቀን ቢሰጡን ኖሮ አንድ ሰፈር ላይ ቀርተን ነበር። እንዳናድግ በሰጡን ትእዛዝ ስላደግን ውለታዎን አንረሳም።

ሁለተኛ፣ ማንም የማይሰማትን ሴት ቃል በጥሞና ስላነበቡ አመሰግናለሁ።

ካሜራችን ድምፅ አይቀዳም። ስለዚህ ሥዕሉ ሲታይ አንድ ሰው ከአንሶላው ጎን ቆሞ ይናገራል። መጀመሪያ እኔ የጻፍኩትን ሙሄዲን ያነብ ነበር፤ የጻፍኩት የመጽሐፍ አማርኛ ስለነበረ ግማሹ ሰው አንቀላፋ። ያን ጊዜ ከታካሚዎቹ አንዷ ዘሀራ እንድሪስ ከመሀል ተነሥታ "ደግ ሰው ነው፣ ወላሂ፤ ግን እግር ኖሮት የሚያውቅ አይመስልም" አለችና፣ በሥዕሉ ላይ የምትታየውም ራሷ ስለነበረች ራሷ መናገር ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ የፊልማችን ድምፅ እርሷ ሆነች።

ዘሀራ የተሁለደሬ ገበሬ ልጅ ናት። ሕመሙ ሲይዛት የባሏ ቤተሰቦች ከጥጃ ቤት ካሳደሯት በኋላ ትንሿን ልጇን መዲናን አስቀርተው ሰደዷት፤ በእግሯ መጥታ ታክማ ዳነች፣ ልጇም ስታድግ ፈልጋ አገኘቻት። ከጣቶቿ ግማሽ ግማሹ የለም። በእነዚያ እጆች የሽማግሌውን የየሱፍን እግር እያጠበች በሥዕሉ ላይ ስትታይ፣ ከአንሶላው ጎን ቆማ "አብሽር አባቴ፣ አብሽር፤ እግርህ ቢረሳህ አንተ አትርሳው" ትል ነበር። እስላሙ ዘንድ በቢስሚላሂ፣ ክርስቲያኑ ዘንድ በሥላሴ ስም ትጀምራለች። እንደ መንደሩ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። በአሥራ አንደኛው መንደር፣ ታማሚዎችን ከምንጩ ያባረረው ሊቀመንበር ከፊት ተቀምጦ ሳለ፣ በሥዕሉ ላይ ውኃው በሳፋው ሲቀዳ "ይህ ውኃ ኸምንጩ ነው፤ የተጠየፈን ሊቀመንበሩ ነው እንጂ ውኃውስ አልተጠየፈንም" አለች። መጋዘኑ ሙሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ ማኅተሙንም መታ፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ለእርስዎ ጻፈልዎ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ጸሐፊዎ ነግራኛለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። የሊቀመንበሩ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ የላኩልን ቅጽ ሠላሳ አንድ ጥያቄዎች ነበሩት። "የፊልሙ መደባዊ አቋም" ለሚለው "እግር ላላቸው ሁሉ"፣ "ፊልሙ የሚታገለው ጠላት" ለሚለው "ቁስል"፣ "የውጭ ኃይሎች ተጽዕኖ" ለሚለው ደግሞ "መስታወቱ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ነው" ብዬ ሞላሁ። በዚያን ሰዓት እኔና ሙሄዲን በሳቅ ሞተን ነበር። እንደዚያ የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ሂሱን አቁሜ ወደ ግለሂስ እገባለሁ፤ ያስተማሩን እንዲሁ ነውና።

ዘጠነኛው ጥያቄ "ፊልሙ ድምፅ አለው ወይ? ካለው ድምፁ የሚገኝበት አድራሻ" ይላል። ሙሄዲን "የለውም ብለሽ ጻፊና እንሂድ" አለኝ። "የለውም" ቢባል ማንም ውሸታም ባላለኝ ነበር፤ ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትፈትሹት ድምፅ የለበትም። እኔ ግን ግማሽ እውነት ሙሉ ውሸት ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። በዚህም ኩራት ነበረኝ። እናም በምችለው ጽሕፈት አሳምሬ "አለው። ድምፁ ዘሀራ እንድሪስ ናት፤ አድራሻዋ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ፣ በታካሚዎች ሰፈር፣ ከቦኖ ውኃው ቀጥሎ ሦስተኛው ቤት ነው" ብዬ ጻፍኩ። ስሟንም አሠመርኩበት። ያሠመርኩበት ስለምኮራባት ነበር።

ጓድ ስማቸው፣ ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነው፤ ይህ ግን የእኔ ነው። ልብስ ስሰፋ መርፌውን አቁሜ ከቦኖው ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቤት ስቆጥር ራሴን አገኘዋለሁ። በጸሎት ላይም እቆጥራለሁ። ወንድሞችና እህቶች "እውነት ነው የተናገርሽው፣ ምን ታደርጊ" ይሉኛል፤ አልተጽናናሁም። እውነት ለማን እንደሚነገር ሳላጣራ በመናገሬ አፍራለሁ፣ እስክሞትም አፍራለሁ።

አምስተኛ፣ ንብረት በሥርዓት ስለመረከባችሁ።

ቅጹን ባስገባሁ በሦስተኛው ሳምንት "ፊልሙ፣ ማሽኑና ድምፁ ለምርመራ ይቅረቡ" የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ መጣ። ዘሀራን ደስ አላት። ትልልቅ ሰዎች ሊሰሟት የጠሯት መሰላት፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም. አዲስ የሰፋሁላትን ጫማ አድርጋ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ስንመጣ መንገዱን ሙሉ "ቢስሚላሂ ብዬ ልጀምር ወይስ ጓዶች ብዬ?" እያለች ስታማክረኝ ነበር። "ሁለቱንም በይ" አልኳት። ንብረት ክፍላችሁ መስኮት ላይ ሠራተኛው የትእዛዙን ወረቀት እያየ በሞዴል 19 ሦስት መስመር ሞላ፤ ደረሰኙ አሁንም በእጄ ነው። "ፊልም፣ ብዛት 1፣ ሁኔታው ያገለገለ። የፊልም ማሳያ ማሽን፣ ብዛት 1፣ ሁኔታው ያገለገለ። ድምፅ፣ ብዛት 1፣ ሁኔታው ደህና።" ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ዘሀራ ወደ ኋላው ክፍል ስትገባ ዞር ብላ "ኸዚሁ ጠብቂኝ፣ ቶሎ ተናግሬ እወጣለሁ" አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ በወንበራችሁ ላይ የምቀመጠው ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም፤ ጠብቂኝ ስላለችኝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት "በምርመራ ላይ ነው" ተባልኩ። በክረምቱ "እንዲህ የምትባል ሰው በመዝገባችን የለችም" ተባልኩ። ደረሰኙን ሳሳይ ደግሞ ባለፈው ጥር አንድ ሠራተኛችሁ አይቶ አይቶ "እኛ የተረከብነው ሰው አይደለም፣ ድምፅ ነው" አለኝ። ትክክል ነው፤ እንዲያ ነው የሚለው። እንግዲያውስ በሞዴል 19 የገባ ንብረት በሞዴል 22 ካልወጣ መጋዘን ውስጥ አለ ማለት ነው፤ መጋዘን ውስጥ ከሌለ ደግሞ የጎደለበት ሠራተኛ ይጠየቃል። ይህን መመሪያ በስብሰባ ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሁኔታው ደህና የነበረ ድምፅ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መጠየቄ ከመመሪያው ውጪ አይመስለኝም።

የምጠይቀውም ለራሴ ብቻ አይደለም። ልጇ መዲና ባገኘችኝ ቁጥር "እትዬ ትርፌ፣ ሰደቃ ላውጣላት ወይስ ልጠብቃት?" ትለኛለች። ለቅሶ እንዳትቀመጥ እናትሽ ሞተች ያላት የለም። እንዳትጠብቅ ትመጣለች ያላት የለም። ዱዓ የሚያደርጉት ሰዎች ከሙታን ወገን ይጥሯት ከመንገደኞች ወገን ጨንቋቸው፣ ስሟ ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኛ እንባ ግን ከጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ ይጠብቃል።

ስድስተኛ፣ መጋቢት 8 ቀን የጻፉልን ክስ ነው። "ያለ ፈቃድ ፊልም በማሳየት" ይላል።

ጓድ ስማቸው፣ ፊልሙ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ማሽኑም ያለው እናንተ ዘንድ ነው። የታካሚዎቹ ሰፈር ሰዎች የሚያደርጉትን ልንገርዎ። አርብ ከጁምዓ በኋላ በሰፈሩ የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ ያንን የእኔን አንሶላ ይሰቅላሉ፤ እያንዳንዱ ሳፋውን ከፊቱ አድርጎ ይቀመጣል። ማሽን የለም፣ ብርሃን የለም፣ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። የዘሀራን ቃል እዚያው ሰፈር ስትለማመደው ስንት ጊዜ ሰምተውት በቃላቸው ስለያዙት አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እግራቸውን እያጠቡ አንሶላውን እያዩ እስከ መጨረሻው ይሉታል። እርሷ ትንፋሽ ትወስድበት የነበረው ቦታ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ዝም ይላሉ። እዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም ብዬ ነበር።

ከክሱ ጋር እንዲከታተለን የተመደበውን ዘበኛ ሪፖርት በአባሪነት ስላያያዙልን በጣም አመሰግናለሁ። ይህ ሰው ፊልማችንን አንድም ቀን አላየም፤ ማሽኑ ከተወሰደ ከዓመት በኋላ ነው ወደ ሰፈሩ የመጣው። እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "በአንሶላው ላይ ጣቶቿ ያጠሩ ሴት የአንድ ሽማግሌ እግር ስታጥብ ታየች። መስታወት ከእግሩ ሥር ያዘች። የአንሶላው ስፌት ፊቷን ለሁለት ይከፍለዋል።" ሁሉም ልክ ነው፤ ተራው ሳይቀር ልክ ነው። እኔ መንፈስ የማይ ሴት አይደለሁም፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የእናንተ ማኅተም ነው። በሚቀጥለው አርብ ሄጄ ከዚያ ሰው ጎን ቆሜ አፈጠጥኩ። የታየኝ የገዛ ስፌቴ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርዎና ቀናሁበት።

ስለዚህ የምለምነው አጭር ነው። ወይ ድምፁን በሞዴል 22 ወጪ አድርገው ይመልሱልን፤ ወይ ለመዲና አንድ መስመር ይጻፉላት። "አለች" ወይም "የለችም" የሚል ብቻ ይበቃል፤ ማኅተም ባይኖረውም እናምናለን። ማሽኑንና ፊልሙን ለጊዜው አልጠየቅሁም። ሸክላ ሠሪዎቹም እንጠብቃለን ብለዋል።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ሌላ ቅጽ በመላክ እንዳይደክሙ ዘጠነኛውን ጥያቄ ለዚህ ደብዳቤም ከወዲሁ ሞልቼዋለሁ። ደብዳቤው ድምፅ አለው። ድምፁ የሚገኝበት አድራሻ፦ ኮምቦልቻ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚሰማበት ቤት። ሐሙስ ግን አይድከሙ፤ ሐሙስ የምገኘው እርስዎ ዘንድ ነው።

ከማያልቅ አክብሮት፣ ከአንድ ደረሰኝና ከብዙ ሐሙስ ጋር፣
ታዛዥዎ
ትርፌ ቢያዝን

በድጋሚ፦ የዘበኛውን ሪፖርት የመጨረሻ መስመር ሆን ብዬ ለዚህ አቆይቼዋለሁ። "በመጨረሻ ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና አብሽር ወንድሜ አለችኝ" ይላል። ሙሄዲን ሲያነሣት "ካሜራውን እንዳታዪ" ብሎ ስላስጠነቀቃት ዘሀራ በአሥራ አንዱ ደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለችም። "አብሽር ወንድሜ" የሚልም በቃሏ ውስጥ የለም፤ ሰዎቹም አይሉትም። ዘበኛው ይህን ከአንሶላው አላገኘውም፣ ከእኛም አፍ አልሰማውም። ወደ እኛ ከመመደቡ በፊት የት ይጠብቅ እንደነበር በደጃችሁ ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች ጠየቅሁ፤ እስካለፈው ክረምት ዘሀራ በገባችበት በጽሕፈት ቤትዎ የኋላ ክፍል በር ላይ ነበር አሉኝ። አደራዎን እንዳይቀጡት፤ በአሥራ አምስት ወር ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው መልስ የእርሱ ብቻ ነው። ይልቅ አንድ አርብ ራስዎ ይምጡና ከፊት ይቀመጡ፤ አንሶላው ላይ ቀና ብላ የምታየው ማንን እንደሆነ ያን ጊዜ እናውቃለን።